ቡና የምትባለው ኮከብና ስለ ኮከቦች የምንሳሳታቸው ነገሮች

አክስቴ ስለ ኮከብ ሳነብ ካየችኝ አትለቀኝም። «እስቲ የኔንም ኮከብ ቁጠርልኝ፤ ስሜንና የእናቴን ስም ልንገርህ?» ትለኛለች። ባለፈው ቡና እየጠጣን ሳለ ይህንኑ ስትጠይቀኝ የሌላ ኮከብ ወሬ ነገርኳት። ሰማይ ላይ «ቡና» የምትባል ኮከብ አለች። ዙሪያዋን የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ትባላለች። ቀልድ አይደለም። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጠ። እኛ ቡናና አቦልን መረጥን። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ «ማን ሄዶ አያት?» አለችኝ።

ማንም አልሄደም። ከቡና ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃን ብቻ ነው። ርቀቷም፣ ሙቀቷም፣ ክብደቷም የሚጨመቀው ከዚያች ጭላንጭል ነው። እንዴት እንደሚጨመቅ ለማስረዳት ስሞክር ግን ከአክስቴም፣ ከጓደኞቼም፣ አንዳንዴም ከራሴ አፍ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ።

«ያው ኮከብ ቆጣሪዎች አይደሉ?»

አይደሉም። ኮከብ ቆጣሪው ስምህን ከእናትህ ስም ጋር ደምሮ ዕጣህን ይነግርሃል፤ ለዚህ ሥራ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት እንኳ አያስፈልገውም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስለ አንተ የሚነግርህ አንዳች ነገር የለም። ስለ ኮከቧ ነው የሚነግርህ።

በዚያው እንለፈው፦ ተወርዋሪ ኮከብም ኮከብ አይደለም፤ አየር ውስጥ ገብታ የምትቃጠል ጠጠር ናት። አጥቢያ ኮከብም ኮከብ አይደለችም። ቬነስ ናት፤ እንደ ምድር ፕላኔት።

«ሌሊቱን ሙሉ በቴሌስኮፕ አጮልቀው ሲያዩ ያድራሉ»

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የዛሬ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ግን ዓይን የሚደቀንበት ቦታ እንኳ የላቸውም። ብርሃኑ የሚሄደው ወደ ካሜራ ወይም ብርሃንን ወደ ቀለማቱ ወደሚበትን መሣሪያ ነው። ተመራማሪው ሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም ሌላ አገር፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። የሚያየውም በአብዛኛው ቁጥርና ግራፍ ነው። ዓይናችን ብርሃን አያጠራቅምም፤ ካሜራ ግን ለሰዓታት ተከፍቶ ጠብታ በጠብታ ይሰበስባል። በዚያ ላይ ዓይን ትናንት ያየውን ከዛሬው ጋር አስተካክሎ ማወዳደር አይችልም። ቁጥር ይችላል።

«ተራራ ላይ የሚወጡት ለኮከቦቹ ለመቅረብ ነው»

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ያለው ግን 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ከዚህ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ቢቀነስ ምን ይጠቅማል? ተራራ የሚወጣው ከአየሩ ለማምለጥ ነው። ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው ራሱ ኮከቡ አይደለም፤ በላያችን ያለው አየር ነው የሚያንቀጠቅጠው። ሐብልና ጄምስ ዌብ የተባሉት ቴሌስኮፖች ጠፈር ላይ የተሰቀሉትም ለዚሁ ነው። አየር ደግሞ ማንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን አንዳንዱን የብርሃን ዓይነት ጭራሽ አያሳልፍም።

«ደምቆ የሚታየው ቅርቡ ነው»

በማታ ሰማይ ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ነው። 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል። (የብርሃን ዓመት የርቀት መለኪያ ነው፤ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። «ከብርሃን ዓመታት በፊት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በእርጋታ አርሙት።) የቅርቡ ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ላይ ሆኖ ሳለ በባዶ ዓይን አይታይም። በጣም ደብዛዛ ነዋ። ፊትህ ላይ የተበራ የእጅ ባትሪ ከሩቅ የስታዲየም መብራት ይበልጥ ያንጸባርቅብሃል፤ ያንን አይቶ የቱ ኃይለኛ እንደሆነ መፍረድ አይቻልም። መጀመሪያ ርቀቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ርቀቱስ በምን ይታወቃል? አውራ ጣትህን ፊትህ ላይ ዘርጋ። አንዱን ዓይን ጨፍነህ ተመልከት፤ ከዚያ ቀይር። ጣትህ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ዘለለ አይደል? ክንድህን አጥፈህ ወደ ዓይንህ ብታስጠጋው ይበልጥ ይዘላል። ተመራማሪዎች ሁለቱን ዓይኖች በምድር ጉዞ ተክተዋቸዋል። ዛሬ ኮከቧን ይለካሉ፤ ስድስት ወር ቆይተው ምድር ከፀሐይ ወዲያ ማዶ፣ ከዛሬው ቦታዋ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ስትደርስ እንደገና ይለካሉ። ኮከቧ ከኋላዋ ካሉት እጅግ ሩቅ ኮከቦች አንጻር ትንሽ ትንፏቀቃለች። ይህ ፓራላክስ ይባላል።

ትንሽ ስል ግን የምር ትንሽ ነው። መጀመሪያ የተሳካለት ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል ነበር፤ በ1838። ያገኘው ማዕዘን አንድ ዲግሪ ከአሥር ሺህ ቦታ በላይ ተከፋፍሎ ከሚገኘው አንዱ ክፍልፋይ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ለዘመናት ሞክረው ያቃታቸው ሐሳቡ ጠፍቷቸው አይደለም፤ መሣሪያው ነው ያልበቃቸው። በእኛ ዘመን ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር በ2013 ወጥታ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ የሰማይ አካላትን ቦታ ለክታለች። ቡና ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ እንደምትርቅ የምናውቀውም በዚሁ የአውራ ጣት ብልሃት ነው።

«ቀይ ሙቅ፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ»

ይህ የቧንቧ ምልክት ያመጣብን ጣጣ ነው። ሰማይ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ብረት ቀጥቃጭ እሳት ውስጥ የከተተው ብረት መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ብርቱካናማ፣ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይሄዳል። ኮከብም እንደዚያው ነው። ኦሪዮን በተባለው የኮከቦች ስብስብ ላይ ቀላ ብላ የምትታየው ቤቴልጂውስ 3,500 ኬልቪን (ሳይንቲስቶች የሚጠቀሙበት የሙቀት መለኪያ) ገደማ ናት፤ እዚያው ያለው ሰማያዊ ነጩ ራይጀል 12,000 ገደማ ይደርሳል። ፀሐያችን 5,800 አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ሙቀት ለመለካት ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ኮከቧን አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በቀይ ማጣሪያ ፎቶ አንስቶ የትኛው እንደበለጠ ማወዳደር ብዙ ይናገራል።

«ሄደው ሳያመጡ ከምን እንደተሠራች በምን ያውቃሉ?»

በዚህ የሚስቅ ሰው ብቻውን አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦገስት ኮምት በ1835 የከዋክብትን ኬሚካላዊ ይዘት መቼም ልናውቅ እንደማንችል ጽፎ ነበር። በ1857 ሞተ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መልሱ ተገኘ። ትንሽ ያሳዝነኛል።

ነገሩ ወጥ ቤት ውስጥ ይታያል። ምድጃው ላይ የጨው ውኃ ሲገነፍል ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የሶዲየም ፊርማ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ቀለማት አሉት፤ የሌላውን አይዋስም። በ1814 ጀርመናዊው መስተዋት ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የፀሐይን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ ሲያይ ቀስተ ደመናው መካከል ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮች አገኘ። ምን እንደሆኑ አላወቀም። በ1859 ኪርሾፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ውስጥ እንቆቅልሹን ፈቱት። መስመሮቹ በኮከቡ ላይ ያለው ጋዝ የዋጣቸው ቀለማት ናቸው። የሶዲየም መስመር ካለ እዚያ ሶዲየም አለ። ሂሊየም የተባለው ጋዝ ምልክቱ በ1868 ፀሐይ ላይ ታየ፤ ምድር ላይ የተገኘው ግን በ1895 ነው። ስሙም ከፀሐይ የግሪክ ስም የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ስህተት ተፈጠረ፤ ይህኛው የባለሙያዎቹ ስህተት ነው። የፀሐይ መስመሮች የብረት፣ የካልሲየምና የመሰሉት ስለነበሩ ፀሐይ እንደ ምድር የተሠራች መሰላቸው። ሴሲሊያ ፔይን የምትባል እንግሊዛዊት በ1925 ሃርቫርድ ላይ በሠራችው የዶክትሬት ጥናቷ የመስመር ድምቀት ብዛትን ብቻ እንደማያሳይ ተገነዘበች። ሙቀትም ይወስነዋል። ሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ያወጣውን ቀመር ተጠቅማ አሰላችው። ኮከቦች በአብዛኛው ሃይድሮጅን ናቸው ማለት ሆነ። በዘመኑ አንቱ የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ የማይሆን ነገር ነው አላት። እሷም ውጤቷን «እውነት አለመሆኑ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል» ብላ ጻፈች። በ1929 ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሠርቶ እዚያው ደረሰ፤ ትክክል እንደነበረችም መሰከረ። እኔን የሚገርመኝ ስሌቱ አይደለም። ስሌቷን ጥላ አለመሄዷ ነው፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ አስቀመጠቻቸው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሰዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ውጪ ያለውን ሁሉ «ሜታል» ይሉታል። ኦክስጅንም ሜታል፣ ካርቦንም ሜታል። በዚህ አነጋገር ቡና ከፀሐይ ይበልጥ በሜታል የበለጸገች ናት።

«ትልቅ ቴሌስኮፕ ኮከቧን አግዝፎ ያሳያል»

ጨረቃን ያገዝፋል። ፕላኔትን ያገዝፋል። ኮከብ ግን በጥቂቶቹ ካልሆነ በቀር በምንም ቴሌስኮፕ ያው ነጥብ ነው። ትልቁ መስተዋት የሚጠቅመው ብዙ ብርሃን ለመሰብሰብ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ሰፊ ባልዲ እንደመደቀን። የኮከብ ስፋት መጀመሪያ በቀጥታ የተለካው በ1920 ነው። ማይክልሰንና ፒስ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ማውንት ዊልሰን፣ ቴሌስኮፑ ላይ 6 ሜትር ርዝመት ያለው አግዳሚ ገጥመው፣ ከሁለት ጫፍ የመጣውን ብርሃን አገናኝተው ቤቴልጂውስን ለኩ። ከፀሐይ በመቶዎች እጥፍ የምትሰፋ ሆና ተገኘች። ለሌሎቹ ኮከቦች ግን ብዙ ጊዜ ስሌት ነው። ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚወጣው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል። ሙቀቷንና የምትረጨውን ጠቅላላ ብርሃን ካወቅህ ስፋቷን ታወጣለህ።

«አቦልን ፎቶ አንስተዋታል»

ማንም አላያትም። በ2009 መገኘቷ ይፋ የሆነው ቡና ስለምትወዛወዝ ነው። ፕላኔት ኮከብን ብቻ አይዞርም፤ ኮከቡንም በትንሹ ይጎትተዋል። አምቡላንስ ወደ አንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያልፍህ ይወፍራል። ብርሃንም እንደዚያው፣ ኮከቧ ወደ እኛ ስትመጣ እነዚያ ጥቁር መስመሮች ወደ ሰማያዊ ጥቂት ይጠጋሉ፤ ስትርቅ ወደ ቀይ። ቡና በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ወዲህና ወዲያ ትላለች። አንድ ዙር ወደ 990 ቀን ይፈጃል። ከዚያ ተነስቶ አቦል ቢያንስ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ እንደምትመዝን ይሰላል። አክስቴ «ቶናና በረካስ?» ብላኛለች። እስካሁን በስም የምናውቃት አቦልን ብቻ ነው።

ኮከብ ራሱ የሚመዘነውም በመጎተት ነው። ሁለት ኮከቦች ሲዟዟሩ ርቀታቸውና የዙሩ ጊዜ ክብደታቸውን ያወጣል። አልጎል የተባለው ኮከብ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ ይደበዝዛል። በ1783 ምክንያቱን የገመተው ጆን ጉድሪክ የ18 ዓመት መስማት የተሳነው ወጣት ነበር፤ አንድ ጨለም ያለ አካል እየዞረ ይጋርደው ይሆናል አለ። ልክ ነበር። እንደ ቡና ጥንድነት ያልረዳን ኮከብ ሲሆን ግን ከተመዘኑት ጋር በማመሳሰል ነው የሚገመተው።

«የምናያቸው ኮከቦች አብዛኞቹ ሞተዋል»

ያምራል፤ ለግጥም ይሆናል። ግን ስህተት ነው። በባዶ ዓይን የምናያቸው በአብዛኛው በጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመታት ውስጥ ያሉ ናቸው። ኮከብ ደግሞ ዕድሜው በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመት ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ ሳለ የመሞት ዕድሉ ኢምንት ነው። ለሞት የቀረበችው ቤቴልጂውስ እንኳ ገና ወደ 100,000 ዓመት ልትቆይ ትችላለች። በ2019 መጨረሻ ስትደበዝዝ «አለቀላት» ተብሎ ነበር፤ ራሷ የተፋችው አቧራ ጋርዷት ኖሯል።

ዛሬ ማታ ከቡና የሚደርሰን ብርሃን የተነሳው በዘመነ መሳፍንት ነው፤ ካሳ ኃይሉ ገና ልጅ ሳለ። እሷ ግን አለች። ማየት ከፈለጋችሁ በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙሩና ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። አንድሮሜዳ በተባለው የኮከቦች ስብስብ ጫፍ ያለውን ኮከብ አልማክንና ያንን የሚደበዝዘውን አልጎልን ፈልጉ። ቡና የሁለቱ መሐል ላይ ናት ማለት ይቻላል። ባዶ ዓይን አይበቃትም፤ ባይኖኩላር ያዙ።