ቢትሬት ምንድን ነው? ስክሪን ቀድቶ ለሚልክ ሰው

የአክስቴ ልጅ ገላን አካባቢ አንድ ፈርኒቸር ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆና ገባች። የደመወዝ መክፈያውን በኤክሴል እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ አለችኝ። እኔ ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅርብ ነን፤ ግን ሁለታችንም ቤት የምንገባው መሽቶ ነው። ስለዚህ ላፕቶፔ ላይ ኦቢኤስ የሚባለውን የስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ከፍቼ፣ ስክሪኑን እየቀዳሁ 12 ደቂቃ አስረዳኋትና በቴሌግራም ላክሁላት። ፋይሉ ከ900 ሜጋባይት በላይ ነበር።

«ኧረ ወንድሜ፣ ፊልም ነው እንዴ የላክህልኝ? ፓኬጄን ጨረሰው እኮ!»

አፈርኩ። በማግስቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ቢትሬት የሚለውን ቁጥር ከ10,000 ወደ 500 አወረድኩት። እንደገና ቀዳሁ። 60 ሜጋባይት እንኳን አልሞላም! ደስ ብሎኝ ላክሁ። ይኸኛው ደግሞ ሰንጠረዡን ወደ ታች ባወረድኩ ቁጥር ጭጋግ ይለብሳል። 8,350 ብር የነበረው 3,350 ይመስላል። ደመወዝ ላይ 3 እና 8 ከተምታቱ ጠብ ነው።

ሁለቱንም ጣጣ ያመጣው ያው አንድ ቁጥር ነው።

ቢትሬት ማለት ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደብ የዳታ መጠን ነው። ብዙ ጊዜ የሚለካው በኪሎቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ ቢትሬቱን በሰከንዶቹ ብዛት አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉ የፋይሉን መጠን ታገኛላችሁ። የእኔ 12 ደቂቃ 720 ሰከንድ ነው። 10,000 በ720 ሲባዛ፣ ለ8 ሲካፈል፣ 900,000 ኪሎባይት። ይኸው 900 ሜጋ። ድምፁ ለብቻው ይታሰባል፤ በ128 ኪሎቢት ቢቀዳ ለ12 ደቂቃ 12 ሜጋ አይሞላም። እና እባካችሁ ድምፅ ላይ አትቆጥቡ። ሰው የደበዘዘ ምስል ችሎ ያያል፤ የተበላሸ ድምፅ ግን ሁለት ደቂቃም አይታገሥም።

መታመቅ፣ ማለትም የቪዲዮው ዳታ ተጨምቆ ማነሱ፣ ባይኖር ኖሮ ጉዳችን ነበር። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን፣ በሰከንድ 30 ምስል ሳይታመቅ ቢቀመጥ፣ አንዷ ሰከንድ ብቻ 187 ሜጋባይት ገደማ ትይዛለች። በ2,500 ኪሎቢት የታመቀ 10 ደቂቃ ቪዲዮም የሚይዘው ያንኑ ያህል ነው። አንድ ሰከንድና አሥር ደቂቃ እኩል ሲሆኑ አስቡት።

ይህን የሚሠራው ኢንኮደር የሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም ነው። አንዱን ምስል ሙሉውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው የተለወጠውን ብቻ ነው። ስክሪን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እኔ እያወራሁ የማውስ ቀስቷ ብቻ ትንቀሳቀሳለች፤ አንዲት ሳጥን ውስጥ ቁጥር ይገባል፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ነው። ወጪ የለም ማለት ይቻላል። ሰንጠረዡን ሸርተት ሳደርገው ግን ስክሪኑ በሙሉ በአንዴ ይለወጣል። ለዚያች ሰከንድ የተመደበው 500 ኪሎቢት ብቻ ከሆነ አይበቃም። ኢንኮደሩ ዝርዝሩን ይጥላል። ጭጋጉ መጥቶ ትንሽ ቆይቶ የሚጠራው ለዚህ ነው።

እኔ ቋሚ ቢትሬትን የማየው እንደ ተቆራጭ ነው። እንግዳ በሌለበት ቀንም፣ ቤቱ በሰው በሞላበት ቀንም ያው ነው። አንድ ቀን ይተርፋል፣ ሌላ ቀን ጦም ያሳድራል። ሌላው መንገድ የሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። የሚያስፈልገውን ያህል ትወስዳላችሁ፤ ድምሩን ደብተሩ ላይ የምታዩት በመጨረሻ ነው። በቪዲዮ ቋንቋ ይህኛው ሲአርኤፍ ይባላል። የምትወስኑት የፋይሉን መጠን ሳይሆን ጥራቱን ነው።

ኤክስ264 በሚባለው ኢንኮደር ሲአርኤፍ ከ0 እስከ 51 ይሄዳል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ የሚገለበጥበት ነገር አለ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ነው ጥራቱ ከፍ የሚለው። ምንም ካልነካችሁት 23 ላይ ይቀመጣል። 6 ከፍ ስታደርጉት ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ጽሑፍ ለበዛበት ስክሪን ከ20 እስከ 23 በቂ ነው ባይ ነኝ። ጉድለቱ ፋይሉ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ለቀጥታ ስርጭትም አይሆንም፤ ኢንተርኔቱ ዱቤ አያውቅም።

ኦቢኤስ ላይ ቁጥር መነካካት የማይፈልግ ሰው፣ ሪከርዲንግ ኳሊቲ የሚለው ጋ «ሃይ ኳሊቲ፣ ሚዲየም ፋይል ሳይዝ» የሚለውን ይምረጥ። እኔ የተሳሳትኩት «ሴም አዝ ስትሪም» ላይ ትቼው ነው፤ እሱ ለቀጥታ ስርጭት የተሞላውን ቢትሬት ነው የሚወስደው።

የቀረው አጭር ነው። ላፕቶፓችሁ 1366 በ768 ከሆነ በዚያው ቅዱ። ወደ 1280 በ720 ስታጠቡት ቢትሬቱ ምንም ቢበዛ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። ለኤክሴል በሰከንድ 15 ምስል ይበቃል፤ 60 ለጌም ነው። የፋይሉን ፎርማት ኤምኬቪ አድርጉት። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም፤ የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ለይስሙላ ነው ያለው። ኤምፒ4 እየቀዳ በመሐል ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ፋይሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ይተርፋል፤ በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 መቀየር ይቻላል። ቴሌግራም ላይም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። አለበለዚያ የለፋችሁበትን መልሶ ሊያምቀው ይችላል።

ለሦስተኛ ጊዜ ቀዳሁ። ሲአርኤፍ 23፣ በሰከንድ 15 ምስል። 70 ሜጋባይት አካባቢ ሆነ፤ ከዚያ ጭጋጋም ቪዲዮ ብዙም አይበልጥም። ማታ መልስ መጣ።

«አሁን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግን ጡረታው ላይ ፈጠንክብኝ፤ 7 በመቶውን ከየት አመጣኸው?»