የድሮ ፒፓን ዕድሜ ከሠሪው ማህተም ማንበብ

ድሮ ፒፓ ላይ የተመታ ማህተም የተሠራበትን ዓመት በቀጥታ የሚናገረው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ከዚህ ዘመን በፊት አልተሠራሁም» ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው አንድ ምልክት አይቶ ከሠንጠረዥ ጋር በማመሳከር አያልቅም። ዕቃው ላይ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ ሰብስቦ የትኛው ወደ እኛ ዘመን እንደሚቀርብ መለየት ያስፈልጋል፤ የሚወስነውም እሱ ነው። አንዲት የ1934 የፓተንት ቁጥር ካለች፣ የቀረው ሁሉ የ1910 ቢመስልም ፒፓው የ1910 አይደለም። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፒፓ ሦስት ክፍል አለው፤ ትምባሆው የሚሞላበት ራስ፣ ከራሱ የሚወጣው አንገት እና አፍ ውስጥ የሚገባው መምጠጫ። የሸክላ ፒፓ ሦስቱም አንድ ወጥ ነው። በእንጨት ፒፓ ላይ ግን መምጠጫው ለብቻው ተሠርቶ የሚገጠም ስለሆነ፣ ሲሰበር ወይም ሲታኘክ ይለወጣል። የመምጠጫ ምልክት የአንገቱን ማህተም ሊደግፍ ይችላል፣ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም።

የሸክላ ፒፓ

እንግሊዝ ውስጥ የሸክላ ፒፓ መሠራት የጀመረው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ትምባሆ እንደ ቅመም ውድ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ራሶች የትንሿን ጣት ጫፍ ቢያስገቡ ነው፤ ዋጋው ሲረክስ ራሱ እየሰፋ ሄደ። በ17ኛው መቶ ዘመን ራሱ ሆዱ ወጣ ያለ፣ አፉ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ በከንፈሩ ዙሪያም የጥርስ ፈለግ የሚመስል መስመር የተጫነበት ነበር። ከ1700 ገደማ በኋላ ጎኖቹ ቀጥ አሉ፣ የከንፈሩም መስመር ከአንገቱ ጋር ትይዩ ሆነ። ማህተሙን ከማንበብ በፊት ይህን ቅርጽ ማየት ይቀድማል። ፊደሉ ብዙ ሠሪ ይጋራዋል፣ ቅርጹ ግን ዘመኑን ወደ ሠላሳና አርባ ዓመት ያጠበዋል።

ማህተሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከራሱ ሥር ባለችው ተረከዝ ላይ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ከተረከዙ በታች ይመታ ነበር፤ በኋላ ከፎርማው ጋር በተረከዙ ግራና ቀኝ መውጣት ጀመረ። በጎን ሲሆን አነባበቡ በአጫሹ እጅ እንደተያዘ ነው፤ በግራ በኩል ያለው የሠሪው ስም፣ በቀኝ በኩል ያለው የቤተሰቡ ስም መነሻ ፊደል ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። በዚያ ዘመን «ጄ» የሚጻፈው በ«አይ» ስለነበር፣ ጆን፣ ጄምስ፣ ጆሴፍ ሁሉም «አይ» ሆነው ይወጣሉ።

ታዋቂ ምልክት ደግሞ ይሰረቃል። በዊልትሺር፣ ኤምስበሪ የነበረው የጋንትሌት ቤተሰብ ስሙን በሥዕል አድርጎ የብረት ጓንት ያትም ነበር። ፒፓው ስለተወደደ ሌሎችም ጓንቱን መምታት ጀመሩ። «ቲ ዲ» የሚለውም መጀመሪያ የሠሪ ስም መነሻ ሳይሆን አይቀርም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ማንም ፋብሪካ የሚያወጣው የሞዴል ስም ሆኖ ነበር። «ቲ ዲ» ያለበት ፒፓ ሁሉ የ18ኛው መቶ ዘመን ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

የሆላንዷ ጋውዳ ታሪክ ይለያል። በከተማዋ የፒፓ ሠሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1660 ሲሆን፣ ምልክት እንደ ርስት ነበር፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይከራያል። ዘውድ የደፋ አንድ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ በተለያዩ እጆች ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ደግነቱ ከ1740 ገደማ ጀምሮ በተረከዙ ጎን የከተማዋ ዓርማ እንዲመታ ተደረገ፤ ከዓርማው በላይ «ኤስ» ካለ ፒፓው ተራ ደረጃ ነው። ዓርማው ካለ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ማህተሙ እዚህ ስለ ዘመን በግልጽ ይናገራል።

ራሱ ጠፍቶ የአንገት ስብርባሪ ብቻ ሲገኝ የቀዳዳው ስፋት ይለካል። የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው ጄ. ሲ. ሃሪንግተን በ1954 እንዳሳየው፣ የእንግሊዝ ፒፓ አንገት እየረዘመ ሲሄድ ቀዳዳው እየጠበበ መጥቷል። ከ1620 እስከ 1650 ባሉት ላይ በብዛት የሚታየው 8/64 ኢንች (3.2 ሚሊ ሜትር)፣ ከ1650 እስከ 1680 7/64፣ ከ1680 እስከ 1710 6/64፣ ከ1710 እስከ 1750 5/64፣ ከዚያ እስከ 1800 4/64 (1.6 ሚሊ ሜትር) ነው። የሚለካው በኢንች በተሠራ የድሪል ፑንታ ነው፤ የሚገባው ግን በሚቆርጠው ጫፍ ሳይሆን በለስላሳው ጭራ በኩል ነው፣ አለዚያ ቀዳዳውን እየሞረደ ያሰፋዋል። ሉዊስ ቢንፎርድ በ1962 ይህን ወደ ቀመር ቀየረው፤ አማካይ ዓመት = 1931.85 − (38.26 × አማካይ ስፋት በ64ኛ ኢንች)። አማካዩ 6 ከሆነ 229.56 ይቀነስና 1702 ይመጣል። ቀመሩ የሚሠራው ከአንድ ቦታ ለተገኙ ብዙ ስብርባሪዎች እንጂ ለአንድ ቁራጭ አይደለም፤ ለሆላንድ ፒፓም አይሆንም፤ ከ1780 ገደማ ወዲህም ይስታል። እንደ ቀመሩ ቢሆን ኖሮ በ1932 ፒፓ ቀዳዳ ባልኖረው!

በ19ኛው መቶ ዘመን ማህተሙ ወደ አንገቱ ወጣ፤ በአንድ በኩል የፋብሪካው ስም፣ በሌላው ከተማው። «ማክዱጋል» እና «ግላስጎው» የሚለው በብዛት የሚገኘው ነው። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዝ አስገደደች፤ ስለዚህ የአገር ስም ያለበት ፒፓ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ ነው። የአገር ስም አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው ሕጉ አይነካውምና። የፈረንሳዩ ጋምቢየር ፒፓ አንገት ላይ ያለው ቁጥርም የፎርማው ቁጥር ነው፤ ዓመት መስሏቸው የሚገዙ አሉ።

የብር ቀለበት ካለው

በእንጨት ፒፓ አንገት ላይ የብር ቀለበት ካለ ዕድል ነው፤ ዓመቱን በትክክል የሚሰጠው እሱ ነው። የእንግሊዝ ብር በመፈተኛ ቢሮ አልፎ አራት ምልክት ያገኝ ነበር፤ የአስመዝጋቢው ስም መነሻ፣ የሚራመድ አንበሳ (ስተርሊንግ ብር ነው ማለት ነው)፣ የከተማው ምልክት እና የዓመቱ ፊደል። መልሕቅ በርሚንግሃም ነው፣ የነብር ራስ ለንደን፣ ሦስት የስንዴ ነዶና ሰይፍ በ1962 የተዘጋው ቼስተር። ደብሊን ዘውድ የጫነ በገናና የተቀመጠች ሴት ምስል አላት።

ቅደም ተከተሉ ከተማ፣ ከዚያ ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የፊደል ዙር አለውና። ለምሳሌ መልሕቅ፣ አንበሳና ትንሹ «ጂ» ያለበት ቀለበት እንያዝ። በርሚንግሃም ከ1900 እስከ 1924 በትናንሽ ፊደላት «ጄ»ን እየዘለለ ሄዷል፤ ሰባተኛው «ጂ» 1906 ላይ ይወድቃል። ፊደሉ በዚያን ጊዜ የሚለወጠው በዓመቱ አጋማሽ ስለነበር 1906/07 ብሎ መጻፍ ይሻላል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1875 ዙርም ትናንሽ ፊደል ነበረው፣ በጎቲክ አጻጻፍ፤ በዚያ «ጂ» 1881 ነው። የፊደሉ ቅርጽ ተፍቆ ካላስታወቀ የንግሥት ቪክቶሪያን ራስ ይፈልጉ፤ የብር ግብር የተነሣው በ1890 ስለሆነ ራሷ ካለ 1906 ሊሆን አይችልም።

የብር ማህተም እየመሰሉ የሚያሳስቱ ምልክቶችም አሉ። በጋሻ ውስጥ የተቀመጠ «ኢ ፒ» በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ማለት ነው። የደብሊኑ ፒተርሰን ኩባንያ በኒኬል ቀለበት ላይ የሻምሮክ ቅጠል፣ ውሻና ክብ ግንብ ደርድሮ ይመታ ነበር፤ ሲያዩት የብር ማህተም ይመስላል፣ ዓመት ግን የለውም።

ብራየር

ብራየር የሚባለው እንጨት ከሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚቆፈር የኤሪካ አርቦሪያ ሥር ዕብጠት ነው። ዛፉ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮችና በጓሳ የሚበቅለው አስታ ራሱ ነው። በብራየር ፒፓ መሥራት በፈረንሳይዋ ሴንት ክሎድ በ1850ዎቹ ተስፋፋ። ማህተሙ የሚመታው በአንገቱ ግራና ቀኝ ወይም ሥር ነው።

የፒተርሰን ፒፓ በአየርላንድ ፖለቲካ ይነበባል። «አይሪሽ ፍሪ ስቴት» የሚል ከ1922 በፊት ሊሆን አይችልም፤ «ኤር» (አየርላንድ በአይሪሽ ቋንቋ) የሚለው በ1937 መጨረሻ ሥራ ላይ ከዋለው ሕገ መንግሥት ወዲህ ነው፤ «ሪፐብሊክ ኦቭ አየርላንድ» ደግሞ ከ1940ዎቹ መጨረሻ። «ሜድ ኢን አየርላንድ» ብቻ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመላልሷል። መንግሥት በተለወጠ ማግስት የድሮ ማህተሙን የሚጥል ፋብሪካም የለም።

ደንሂል በ1907 በለንደን ዱክ ጎዳና ሱቅ ከፍቶ በ1910 የራሱን ፒፓ መሥራት ጀመረ። መምጠጫው ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ መጀመሪያ የመጣችው ደንበኛው የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ እንዲያውቅ ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ከሚለው ቀጥሎ ከፍ ብላ የተመታች ትንሽ ቁጥር ዓመቱን ትጠቁማለች፤ ችግሩ መደጋገሟ ነው። «4» ብቻዋን 1924ም 1944ም 1954ም 1964ም ልትሆን ትችላለች። ያኔ የፓተንት ቁጥሩ ይረዳል። 417574/34 ካለ፣ ከመስመሩ በኋላ ያለው 34 የፓተንቱ ዓመት ስለሆነ 1924 ሊሆን አይችልም፤ ቁጥሩ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ብቻ ስለተመታ 1964ም ሊሆን አይችልም። በክብ ውስጥ የመጠን ቁጥር ካለ ደግሞ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ላዩ ሆን ተብሎ ሸካራ የተደረገው የሼል ዓይነት ከ1917 በፊት የለም፤ ቀይ ቡናማው ሩት ብራየርም ከ1931 በፊት።

ማህተሙ ሲደበዝዝ

ማህተም የሚጠፋው በአጫሹ እጅ ሳይሆን በአሳማሪው ነው። የብርጭቆ ወረቀትና የቶርኖ ማወልወያ ጎማ መጀመሪያ የሚበሉት ጥልቀቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላውን ፊደል ነው። ስለዚህ ጽዳት ከንባብ በኋላ ይሁን። ክፍሉን አጨልሞ የስልክ መብራት ከጎን፣ ከአንገቱ ጋር ተነጣጥፎ ማብራት፤ ፒፓውን በዝግታ ማዞር፤ በ10 እጥፍ አጉሊ ማየት፤ ፎቶ ማንሳት። ብዙውን ጊዜ ዓይን ያጣውን ፊደል ጥላው ያወጣዋል። ለሸክላ ስስ ወረቀት አልብሶ በለስላሳ እርሳስ ማሸት ይበቃል፤ ከመሬት የወጣ ከሆነ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ኮምጣጤ በፍጹም። የብር ቀለበት በማወልወያ ቅባት አይታሽ፣ መጀመሪያ የሚሄደው የዓመቱ ፊደል ነውና።

ከቱርኳ ኤስኪሼሂር በሚወጣው ሜርሻም ድንጋይ የተቀረጹ ፒፓዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም ማህተም የለም። የሠሪው ወይም የነጋዴው ስም ያለው በቆዳ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ፣ ሐሩ ላይ ነው። ሳጥንና ፒፓ ግን በገበያ ይለዋወጣሉ፤ ፒፓው በተቀረጸለት ጉድጓድ ሳይነቃነቅ ልክ ገብቶ ክዳኑ ካልተዘጋ፣ ያ ስም የሌላ ፒፓ ነው።