የቤት ውስጥ ድብደባና «የግል አቤቱታ»

ባል ሚስቱን ቢመታ «የቤት ጉዳይ ነው» ይባላል። አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ወንጀል ነው ይላል።

ግራ የሚያጋባው የግል አቤቱታ ነው፤ ማለትም ተበዳይዋ ራሷ ካላመለከተች ክስ የማይቀርብበት አሠራር። ጉዳቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ወይም ዘላቂ ከሆነ ማንም ቢጠቁም ፖሊስ ይመረምራል፤ እሷ «ትቼዋለሁ» ብትልም ክሱ ይቀጥላል። ቀላል የአካል ጉዳት ሲሆን ግን በመሠረቱ ራሷ ማመልከት አለባት፤ ያውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቀች በ3 ወር ውስጥ። «ሽማግሌ ይያዘው» እየተባለ ስንቷ ይህ ጊዜ አልፎባታል! እርቅ ቢሞከርም አቤቱታው ቶሎ ይግባ።

ቁስሉ ሳይደርቅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሕክምና ማስረጃ ማስያዝም ያስፈልጋል። ለፆታዊ ጥቃት አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም እዚያው ናቸው።