የጅማ ጓሮና አምስት የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ጅማ ላይ ዱላ ብትተክል ይበቅላል።»
ዱላው ይብቀል፤ ባቄላና ቀይ ሽንኩርት ግን አፈር ይመርጣሉ። የዓመቱ ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ወደ ታች ወስዶታል፣ አፈሩንም አሲዳማ አድርጎታል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱም ታስሮ ይቀራል፣ ተክሉ አያገኘውም። ቁጥሩም ያዘናጋል፦ ፒኤች 5 ከፒኤች 6 አሥር እጥፍ አሲዳማ ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ቦታ ኖራ ይነስነስ።»
ኖራ የአፈርን አሲድ ይቀንሳል፤ ግን ቡና መጠነኛ አሲድ ይስማማዋል፤ ድንች ደግሞ ኖራ ከበዛበት በእከክ በሽታ ይያዛል። መጀመሪያ አፈሩን ማስመርመር ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ከመዝራት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ከላይኛው አፈር ጋር መቀላቀል አለበት።

«አመድ ለሁሉም መድኃኒት ነው።»
እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አመድ የማይደፋበት ጓሮ የለምና። የእንጨት አመድ አሲድን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል፤ ይህ እውነት ነው። ቅጠል ላይ ሲነሰነስም ለስላሳ ገላ ያላቸውን ተባዮች ያስቸግራል፤ ግን ደረቅ እስከሆነ ድረስ እንጂ ከዘነበ በኋላ አይደለም። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ይህ የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ አይነገረውም! ከእርጥብ ፍግ ጋር ከተቀላቀለ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል። ዕለት ዕለት ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ አንድ ቦታ ከተደፋ ደግሞ የአፈሩ ፒኤች ከልክ በላይ ይወጣና አፈሩ ለተክሉ ብረትና ዚንክ ይነፍጋል፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ፌስታልና ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ጓሮ ባይገባ ይሻላል።

«የቡና አተላ አፈሩን አሲድ ያደርገዋል።»
አብዛኛው አሲድ ወደ ስኒው ገብቷል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ የተፈላ አተላ ምን ይቀረዋል? ብስባሽ ውስጥ ይግባ፤ ችግኝ ላይ ግን ወፍራም አድርጎ ማልበስ እድገቱን ይገታል።

«ከተፈጥሮ የመጣ መርዝ አይጎዳም።»
የተቀቀለ ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በቆዳ በኩል ይገባል፤ ጎመን ላይ ረጭቶ ለልጆች ማብላት ድፍረት ነው። ለክሽክሽ (የተክል ጭማቂ ለሚመጡት ጥቃቅን ተባዮች) ቀጭን የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ የታችኛው ገጽ መታጠብ አለበት። ጀርባዋ ቀይ፣ ነጠብጣቧ ጥቁር የሆነችውን ትንሽ ጢንዚዛ ካያችሁ አትርጩ፤ እሷም ልጆቿም ክሽክሽ በሊታ ናቸው። ግንዱ ላይ የሚመላለሱትን ጉንዳኖች ግን አግዱ፤ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልሱ ከበሊታዎቹ ይጠብቁታል።