እንጉዳዩ ውሃ አልጠማውም

ኅዳር ላይ ነው። ሐረር፣ ጓሯችን ባለችው ጠባብ ክፍል ኦይስተር እንጉዳይ አበቅላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ማታ ነጭ የነበሩት የእንጉዳዩ ቆቦች ላይ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። ጎረቤቴ አየችና «አቦ ውሃ ጠምቶት ነው፣ አጠጪው!» አለችኝ። አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ተዝለግልጎ መሽተት ጀመረ። ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ።

ከዚያ ወዲህ ከሐረርም ከድሬዳዋም እንጉዳይ የጀመሩ ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ ያኔ እኔም የማምነውን ነገር መልሼ እሰማለሁ።

«ነጠብጣቡ የውሃ ጥም ነው»

አይደለም፣ በሽታ ነው። ዋናው አምጪው ሱዶሞናስ ቶላሲ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ስሙ የመጣው በ1915 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከገለጸው ተመራማሪ ከቶላስ ነው። ባክቴሪያው ቶላሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ የእንጉዳዩን ሴል ሽፋን ይበሳል። ሴሉ ውስጥ ያለው ይፈስና ቦታው ይጠቁራል፤ ልክ የተላጠ ድንች ሲቆይ እንደሚጠቁረው።

ባክቴሪያው ከሩቅ አይመጣም። ውሃው ውስጥ፣ እጃችን ላይ፣ የዝንብ እግር ላይ አለ። ጥቂት እስከሆነ ድረስ ጉዳቱ አይታይም። የሚያራባው ቆቡ ላይ ሳይደርቅ የሚቆይ ውሃ ነው። ቆቡ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በላይ እርጥብ ሆኖ ከቆየ አደጋ አለ። እንግዲህ እኔ «ጥሙን» ሳረካ የነበረው የባክቴሪያውን ነው።

«ክፍሉ በረጠበ ቁጥር ይሻላል»

እንጉዳይ እርጥበት ይወዳል፣ እውነት ነው። ግን የሚፈልገው እርጥብ አየር እንጂ እርጥብ ቆዳ አይደለም። የአየሩ እርጥበት ከ85 እስከ 90 በመቶ ይበቃዋል። የኔ ጥፋት ማታ ረጭቼ በሩን ዘግቼ መተኛቴ ነበር። የሐረር የኅዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ቀን የሞቀው አየር ሲበርድ ቆቡ ላይ ጤዛ ይሆናል። እስኪነጋ አይደርቅም።

አሁን የምረጨው ጠዋት ነው፤ ያውም ወለሉንና ግድግዳውን። ከዚያ ውሃው ከቆቡ እስኪጠፋ አየር እንዲገባ እከፍታለሁ። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ሰው በየሰዓቱ ይረጫል፤ ሙቀት ደግሞ ለባክቴሪያው ምቹ ነው። እዚያ ቆቡን ከመርጨት የረጠበ ጆንያ ግድግዳው ላይ መስቀል ይሻላል።

«ቴትራሳይክሊን በትኜበት ይድናል»

እባካችሁ ይሄን ተዉት። የጠቆረ ቆብ ተመልሶ ነጭ አይሆንም። መድኃኒቱ ግን ከምንበላው ጋር ይቀራል፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያም ይፈጥራል። የሚሻለው መከላከል ነው። ብዙ አምራቾች የሚረጩት ውሃ ውስጥ ትንሽ ክሎሪን ይጨምራሉ። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የታመመውን ነቅሎ ማውጣት፣ ከዚያ እጅን መታጠብ። የታመመውን የነካ እጅ ጤነኛውን አይንካ።

«አፍልቼዋለሁ፣ ምንም አልተረፈም»

የእንጉዳይ ዘር በማሽላ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይሄ ይሸውዳቸዋል። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች እንደ ዘር የደረቀ ጠንካራ ቅርጽ አላቸው፤ ተራ ፍላት አይገድላቸውም። ሐረር ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሽላው ጎምዝዞ ከሸተተና ከተዝለገለገ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ማሽላውን አሳድሮ መዘፍዘፍ ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ፣ የነቃ ደግሞ በቀላሉ ይሞታል። ቀጥሎ በግፊት ድስት በ121 ዲግሪ ሙቀት ማብሰል ነው።

«ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው»

ሁሉም አይደለም። እንጉዳዩ የሚበቅልበትን አገዳ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ማሞቅ የሚበቃው ለዚህ ነው። ከሙቀቱ የሚተርፉት አንዳንዶቹ ሻጋታን ይከላከሉልናል። በተን የሚባለው ክብ እንጉዳይማ ከላዩ በሚለብሰው አፈር ውስጥ ሱዶሞናስ ፑቲዳ ሲኖር ነው በደንብ የሚያጎነቁለው። ስሙን እዩት፤ የዚያው የአጥፊው ዘመድ ነው።

«ነጠብጣብ ያለበትን የበላ ይመረዛል»

ቶላሲ የሚያጠቃው እንጉዳይን ነው። ነጠብጣቡ ትንሽ ከሆነ ቆርጣችሁ ጥላችሁ፣ ቀሪውን በሽንኩርት በደንብ አብስላችሁ ብሉት። ለገበያ ግን አይሆንም፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይበላሻል። የተዝለገለገውና የሸተተው ግን ምንም ያህል ቢበስል አይበላም። እሱን ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።