የጀልባ ባትሪን ያለ ዕድሜው የሚገድሉ ወሬዎች

ባለ ሸራ ጀልባ የሚሄደው በነፋስ ነው፤ መብራቱ፣ ፍሪጁና ሬዲዮው ግን የባትሪ ጥገኞች ናቸው። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሊድ አሲድ ነው፤ ውስጡ የእርሳስ (ሊድ) ሳህኖችና አሲድ ያለበት ማለት ነው። ስለ እሱ የሚወራው ደግሞ ብዙው ልክ አይደለም።

«ሞተሩን አንድ ሰዓት ካስነሳሁት ይሞላል።»
አይሞላም። ብዙ ባትሪ የሚጨርሰው ይሄ እምነት ነው። ሊድ አሲድ እስከ 80 በመቶ ገደማ ቶሎ ይቀበላል። ከዚያ ቮልቱ 14.4 አካባቢ ይደርስና የሚገባው አምፔር እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረችው 20 በመቶ ብቻዋን ሰዓታት ትፈጃለች። ለእሷ ሲባል ናፍጣ ማቃጠል ስለማያዋጣ ሰው ሞተሩን ያጠፋል። ሳይሞላ በከረመ ባትሪ ውስጥ፣ ኃይሉ ሲወርድ ሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው ጨው (ሰልፌት) ይጠጥራል፤ አንዴ ከጠጠረ መመለሱ ከባድ ነው። ጠዋት ሞተር፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሶላር ቢሆን ይሻላል። ትንሽ ሶላርም ብትሆን ያቺን የመጨረሻ ክፍል ቀስ ብላ ትጨርሳታለች።

«ቮልቱ 13 ካለ ሙሉ ነው።»
ቻርጀሩ እንደተነቀለ የሚታየው ቁጥር ያታልላል። ፍሪጁ እየሠራ ከለካችሁ ደግሞ ከእውነቱ በታች ያሳያችኋል። ሁሉንም አጥፉ፣ ጥቂት ሰዓታት ይረፍ፣ ከዚያ ለኩ። 12.7 አካባቢ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ። አምፔር የሚቆጥር ሞኒተር ካላችሁ ጥሩ ነው። ግን እሱም ባትሪው ጢም ብሎ በሞላ ቁጥር ካልተስተካከለ ስህተቱ ይጠራቀማል።

«አልፎ አልፎ ጨርሶ ማውረድ ይጠቅመዋል» የሚሉም አሉ። ይህ ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተወረሰ ወሬ ነው። ሊድ አሲድ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ገዛችሁ ማለት ለዕለት ሥራ 50 አላችሁ ማለት ነው።

ፈሳሹ ሲጎድል አሲድ መጨመርም ስህተት ነው። የሚጎድለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ሳህኖቹ ካልተጋለጡ በቀር ደግሞ ከቻርጅ በኋላ ይሁን፤ ቀድማችሁ ከሞላችሁት ገንፍሎ ይወጣል።

«ድራይ ባትሪ ጋዝ የለውም፣ የትም ይቀመጣል።»
ድራይ የሚባለው ተዘግቶ የሚመጣው፣ ውሃ የማይጨመርበት ሊድ አሲድ ነው። ከልክ በላይ ቻርጅ ከተደረገ እሱም ሃይድሮጅን ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ጋዙ ወደ ላይ ስለሚወጣ የአየር መውጫው ከባትሪው በላይ ይሁን። የባሕር ውሃ ከአሲዱ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማው ክሎሪን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ውሃ ከሚጠራቀምበት የጀልባው ወለል ከፍ ብሎ፣ በቀበቶ ጠብቆ ይታሰር።