የዳሌ ወለል ሕክምና በስልክ ምንድን ነው? መጭመቅ ብቻ አይደለም!

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን እየወጣን ነው። በሚኒባሱ ሬዲዮ አንድ ተናጋሪ «ከካንሰር ሕክምና በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ሴት መፍትሔዋ ቀላል ነው፤ ቪዲዮ ከፍታ መጭመቅ» አለ። «ወራጅ አለ» ልል ምንም አልቀረኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህ የዳሌ ወለል ጡንቻን «መጭመቅ» አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በፈረንጆቹ 1948 የጻፈለት ልምምድ ነው። ለላላ ጡንቻ ጥሩ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ጨረር የወሰደች ሴት ግን ችግሯ መላላት ብቻ ላይሆን ይችላል። ጨረር ሥጋውን ያደርቃል፣ ብልትን ያጠባል። ሕመም የለመደ ጡንቻ ደግሞ ተጨብጦ ይቀራል።

የጠፍር አልጋ አስቡ። የዳሌ ወለል ከፊት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተወጥሮ ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን የሚሸከም ጠፍር ነው። ጠፍሩ ሲረግብ ይወጠራል። ደርቆ ሲንቋቋ ከወጠርከው ግን ይበጠሳል፤ መጀመሪያ ቅቤ ቀብተህ ታለፋዋለህ። አንዱ ጥግ ረግቦ ሌላው የደረቀ አልጋም አለ። (ቅቤው ለአልጋው ነው! ለብልት ሐኪም የሚያዘው ማለስለሻ አለ።) ደግሞ ጠፍር አይተነፍስም። ይህ ጡንቻ አየር ሲገባ ዝቅ፣ ሲወጣ ከፍ ይላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከትንፋሽ ነው።

ታዲያ ለምን በስልክ? አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጨረሯን ጥቁር አንበሳ ጨርሳ የተመለሰች ሴት፣ ሽንት እያመለጣት፣ ለትንፋሽ ልምምድ አውቶቡስ ተሳፈሪ አትባልም።

አንዲት እናት በቪዲዮ ስንደዋወል ስልካቸውን ከስኳር ጣሳ አስደግፈው ምንጣፍ ላይ ተኙ። «ወደ ውስጥ ይሳቡት» ስላቸው ትከሻቸው ጆሯቸው ደረሰ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ጥርሳቸው ገጠመ። የተቀዳ ቪዲዮ ይህን አያይም። እኔም ብሆን በስልክ የማየው ዙሪያውን እንጂ ጡንቻውን አይደለም፤ ለዚህ ነው አንዴ እንኳ በአካል መመርመር የሚሻለው።

«አይዞዎት እናቴ፣ ጥርስዎን ይልቀቁት። ሰው ፊት ፈስ እንደሚይዙ ያህል ብቻ» አልኳቸው። ሳቁ። ትከሻቸው ወረደ። ያን ቀን የተማርነው መልቀቅን ነው፤ መሳቡ ሌላ ሳምንት ይደርሳል።

ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥን ግን ልምምድ አታድርጉት። ደም ከታየ፣ አንድ እግር ካበጠ፣ ወይም ሽንት ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ከተንጠባጠበ ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው። የመጨረሻው ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት የሚያሾልክ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳ ደግሞ በመጭመቅ አይደፈንም። ሬዲዮው ይህን አላለም።

እኒያ እናት ስንሰነባበት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብሽሪ ልጄ፣ ገብቶኛል። ግን ስትደውይ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይሁን።»